ድንጋይ በሞላበት አገር ድንጋይ ፍለጋ

አማርኛችንና ባትሪ መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት በደንብ ሳይግባቡ የተለያዩ ይመስለኛል። ሌላው ዓለም ባትሪ የሚለው ኃይሉን ያጨቀውን ዕቃ ነው። እኛ ስሙን ተቀበልንና ለሚያበራው ቱቦ ሰጠነው። ኃይሉን የያዘው ስም አልባ ቀርቶ ሲያስቸግረን ጊዜ «ድንጋይ» አልነውና ተገላገልን። ስለዚህ በኛ ቤት ባትሪ ማለት ድንጋይ የሚበላ፣ ድንጋዩ ሲደክምበት የሚቀላ፣ ጨርሶ ሲያልቅበት የሚጨልም ፍጡር ነው። ሞባይል ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። «ኧረ ባትሪውን አጥፋው፣ ባትሪ ይጨርስብሃል!» ሲባል የማይገባው ሰው የለም። የትኛው ባትሪ የትኛውን እንደሚጨርስ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እውነቱን ለመናገር ይህ አጠራር ዕድሜ ልኬን አስቸግሮኝ አያውቅም። ሱቅ ሄጄ «ሁለት ድንጋይ» እላለሁ፤ ባለሱቁ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ይለኛል፤ «ትልቁን» እላለሁ፤ አለቀ። ያስቸገረኝ ባለፈው ክረምት ነው፣ አያ ባትሪ የተላከላቸው ጊዜ።

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የዞብል ተራራ ፊት ለፊት በተንጣለለው ሜዳ ላይ ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ። ልጃቸው እንደ ብዙ የአካባቢው ልጆች ዐረብ አገር ናት። እሷ ናት በመጣ ሰው እጅ ባትሪውን የላከችው። ጥቁር ነው፣ ብረት ነው፣ ስንዝር አይሞላም፤ አንገቱ ሲሳብ ብርሃኑን እንደ ጦር የሚያሾል፣ ሲመለስ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ። አያ አገላብጠው አዩትና እንደ ሽጉጥ ወገባቸው ላይ ሞከሩት። ከዚያ የጭራውን ክዳን ፈትተው ወደ ውስጥ አዩ። ባዶ።

ድንጋዩ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያመጣችው ሴት እንዳለችው ሻንጣዋ ሲፈተሽ «ይህን አውጪ» ተባለች። ሕግ ነው፤ መለዋወጫ የሊትየም ድንጋይ ተመዝኖ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይሄድም፣ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። ከብረት ጋር ተነካክቶ እሳት ቢያስነሳ ከአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ማን ገብቶ ያጠፋዋል? እሷ ግን ይህን ሁሉ ያስረዳት የለም፤ አውጥታ ጥላው መጣች።

«አንተ ልጅ» አሉኝ አያ፣ «ተምረሃል አይደል? ድንጋዩን ፈልግለት።»

በዘመዶቼ ዘንድ መማር ማለት ማመልከቻ መጻፍ፣ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብና የጠፋ የሞባይል ቁጥር መፈለግ ነው። አሁን ድንጋይ ማወቅ ተጨመረበት። እምቢ አይባልም። «አብሽር አያ፣ ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ» አልኩ። ያቺ «ነገ» ሦስት ሳምንት ፈጀች።

አያ ባትሪ የሚፈልጉት ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የራያ ቆላ የራሱ ዝናብ ብቻውን አያጠግበውም። ሐምሌና ነሐሴ ከምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ከሰዓት በኋላ ያጉረመርምና እነ ሆርማት፣ እነ ጎሊና የሚባሉት ወንዞች አመሻሽ ላይ ወይም እኩለ ሌሊት ደፍርሰው ይወርዳሉ። ገበሬው ያን ጎርፍ በእሾህ፣ በአፈርና በድንጋይ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። ጎርፍ ቀጠሮ አያከብርም። መጥቶ ጥቂት ሰዓት ይቆይና ያልፋል፤ የተኛ ሰው ማሳው ሳይጠጣ ያድራል። ስለዚህ በዚያ ወቅት የቆቦ ሜዳ ሌሊቱን አይተኛም። ከሩቅ ላየው ሰው ኮከብ መሬት የወረደ ይመስላል።

የአያ የድሮው ባትሪ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ ቆርቆሮ ነው። ድንጋዮቹም በቤቱ ውስጥ የታወቀ የሹመት ሥርዓት አላቸው። አዲስ ድንጋይ መጀመሪያ ባትሪ ውስጥ ይገባል። ብርሃኑ እንደ በሰለ ፓፓያ ሲቀላ ወደ ሬዲዮ ይዛወራል፤ ሬዲዮ ትንሽ ይበቃዋል። የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ሲሰልል ድንጋዩ ወጥቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እንዲያው ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ያነቃቃውና አንድ ሁለት ምሽት ያዘግማል። እሱም ሲያበቃ ለልጆች ይወርሳል። እኔ ራሴ አንደኛ ደረጃ ስማር ሰሌዳ የምናጠቁረው ያለቀ ድንጋይ ሰብረን፣ ጥቁሩን ዱቄት በውሃ በጥብጠን ነበር። እጃችን ለሳምንት እንደ ከሰል ነጋዴ ይጠቁራል። መምህሩ «ነገ ሁሉም ሁለት ሁለት ድንጋይ ይዞ ይምጣ» ሲል ከወንዝ ድንጋይ ለቅሞ የመጣ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። አሁን ሳስበው እሱ ነበር ቃሉን በትክክል የተረዳው።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። የመጀመሪያው ሱቅ በዋናው አስፋልት ዳር ነው።

«ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አለህ?» አልኩት ልጁን።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ነው» አለና ጭራው ላይ የሶኬት ጥርስ ያለው የላስቲክ ባትሪ አወረደልኝ።

«ባትሪስ አለኝ። ድንጋዩን ነው የምፈልገው።»

«ባትሪ ካለዎት ቻርጅ ያድርጉታ!»

«ድንጋይ የለውማ!»

«እሺ ድንጋይ ልስጥዎት?»

«አዎ፣ ቻርጅ የሚደረግ።»

ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ስኳር ልትገዛ የቆመች ሴትዮ «አላህ ያሽርልህ» አለችኝ፤ ለኔ ይሁን ለልጁ አልተረዳሁም።

ትልቁን ድንጋይ ሞከርን፤ ወገቡ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለባትሪው በር እንኳ አልደረሰም። የሪሞቱን ቀጭን ሞከርን፤ ጉድጓድ እንደገባ ሰው ጠፋ። የግድግዳ ሰዓት የሚበላው ትንሹ ድንጋይ ቢያንስ ገባ። ገብቶ ግን እንደ ቅል ውስጥ ጠጠር ይንኳኳል። ሁለቱን አከታትዬ ብሞክር ክዳኑ አልዘጋ አለ። አንዱን ብቻ ከትቼ የተረፈውን ክፍተት በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቀጠቅሁት። ይህን ጥበብ ከአያ ነው የተማርኩት፤ በሳቸው ባትሪ ላይ ተአምር ይሠራል። በዚህኛው አልሠራም። በኋላ እንደገባኝ፣ የድሮው አምፖል በትንሽ ኃይልም ቢሆን ቀልቶ ይታያል፤ የዘመኑ ነጭ መብራት ግን ወደ 3 ቮልት ካልተሰጠው ዓይኑን አይገልጥም። የኔዋ ብቸኛ ድንጋይ 1.5 ነው ያላት። ኩራተኛ እንግዳ ከነአካቴው አልበላም እንደሚለው ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት በዚህ ሁኔታ ባከነ። ወልድያ ለጉዳይ በሄድኩበት ጊዜ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ባትሪውን በኪሴ ይዤው ተጓዝኩ። እዚያም ያገኘሁት ያው «ትልቁን ነው ትንሹን?» ነው።

መፍትሔው የተገኘው ቆቦ ውስጥ፣ ቤቴ አጠገብ፣ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ልጅ ዘንድ ነው። እሱ ጋ ቀድሜ ያልሄድኩት ድንጋይ የሱቅ ነገር እንጂ የሞባይል ቤት ነገር ስላልመሰለኝ ነው። ባትሪውን ተቀበለ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ትንሿን ጣቱን ከቶ ሆዱን ለካና «አስራ ስምንት ስድስት ሃምሳ ነው» አለ።

«ዋጋው?»

«ስሙ ነዋ ጋሼ!»

የድንጋዩ ስም 18650 ነው። 18ቱ የወገቡ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65ቱ ርዝመቱ፣ የመጨረሻዋ ዜሮ «ድቡልቡል ነኝ» ማለት። ስምና ልክ አንድ ላይ። ሰው እንዲህ ቢሰየም ልብስ ሰፊ ሥራ ይቀልለት ነበር። ልጁ ይህን እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ሲያልፍ መብራት ለወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ከተበላሸ ላፕቶፕ ሆድ ድንጋይ እያወጣ፣ በፀሐይ ሰሌዳ እየሞላ የሰፈሩን ሞባይል ያስነሳ እንደነበር ነገረኝ። ላፕቶፕ ውስጥ ድንጋይ መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ብዙዎቹ የቀድሞ ላፕቶፖች ስድስት ስድስት ይዘው ኖረዋል ለካ።

«ነጭ የላስቲክ ቱቦ አልነበረውም?» አለኝ ቀጥሎ። «ሆዱ ከድንጋዩ ይሰፋል። ሦስት ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ በመያዣ እንዲገባበትም ተደርጎ ነው የተሠራው። አንዱን ወፍራም ስትከት ቱቦውን እንደ ካልሲ ታለብሰዋለህ።»

ነጩን ቱቦ አውቀዋለሁ! የአያ የልጅ ልጅ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቱቦውን በሌላው ዓይኑ ላይ ደግኖ ከማሽላው ላይ ወፍ ሲያይበት ነው የሰነበተው። እኛ የካርቶኑ መጠቅለያ መስሎን «ተጫወትበት» ብለነው ነበር። ሄጄ ስጠይቀው መነጽሬን አልሰጥም አለ። በስድስት ከረሜላ ተስማማን፤ ቱቦው አንደኛው ጫፍ ላይ በጥርስ ተለክቷል፣ ግን ይሠራል።

ልኩ ታወቀ፣ ቱቦው ተመለሰ፤ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጁ ሁለት ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ አብረቅራቂ ቀይ፣ ላዩ ላይ 9900 ተጽፎበታል። ሌላው ደብዛዛ አረንጓዴ፣ 2600 ይላል። እኔ በሂሳብ አልታማም፤ ቀዩን አነሳሁ።

«እሱ ውሸታም ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ሰው ይወደዋል።»

በዚህ ቁመት ውስጥ እውነተኛ ፋብሪካ ከ3600 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም ያለፈ ነገር ማጨቅ አልቻለም። 9900 የሚል ሲገኝ ወይ ማተሚያው ተሳስቷል፣ ወይ አታሚው ቸር ነው። አላመንኩም። ጎረቤት ወርቅ ቤት ወስደን አስመዘንናቸው። ባለ ወርቁ ሳቀና ሚዛኑ ላይ አኖራቸው፤ አረንጓዴው 46 ግራም፣ ቀዩ 28። ጤነኛው ድንጋይ ከ45 ግራም አካባቢ አይርቅም። ቀዩን አቅልሎ በቁጥር ያከበደው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንዳንዱ ሲከፈት ውስጡ ትንሽዬ ድንጋይ ሆና የቀረው በዱቄት ነገር የተሞላ ይሆናል። ማሽላ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ የሚሸጥ አይቻለሁ፤ ድንጋይ ውስጥ ዱቄት ጨምሮ የሚሸጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አረንጓዴውን ከተትን። ቱቦው ለበሰ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ተጫንኩት። ጨለማ። እኔ ልቤ ወደቀ፤ ልጁ ግን ድንጋዩን አውጥቶ ራሱን ዳሰሰው። «ጡት የለውም» አለ። ለካ አንዳንዱ ድንጋይ ፖዘቲቩ በኩል ጉብ ያለ ጡት አለው፣ አንዳንዱ ልሙጥ ነው። የዚህ ባትሪ ሰሪ፣ ሰው ድንጋዩን ገልብጦ ቢከት እንዳይቃጠልበት በውስጥ የላስቲክ ቀለበት አስቀምጧል፤ ልሙጡ ቀለበቱ ላይ ያርፍና ከውስጡ ብረት ጋር ሳይነካካ ይቀራል። ትንሽ ማግኔት ጣል እናድርግበት ብዬ ጥበቤን አቀረብኩ። ልጁ እንደ ሕፃን አየኝ። ማግኔቱ ተንሸራቶ ፕላሱን ከማይነሱ ቢያገናኘው ይህ ድንጋይ እንደ ድሮው ውሃ አፍስሶ ዝም አይልም፤ ይነዳል።

ከመሳቢያው ሲፈልግ ሌላም ጉድ አሳየኝ። የግድግዳ ሰዓቱን ትንሽ ድንጋይ የመሰለች፣ በቁመት በውፍረት ቁርጥ እሷን። «ይቺ 14500 ናት። ሰዓትዎ ውስጥ እንዳይከቷት።» ሰዓቱ የሚጠብቀው 1.5 ቮልት ነው፤ ይቺ 3.7 ይዛ ትገባለች። ቻርጅ የሚደረገው ሌላው ዓይነት፣ የኒኬሉ፣ 1.2 ብቻ ስላለው ሰዓትም ሪሞትም ያለ ጠብ ያድርበታል። ሦስቱም ጎን ለጎን ቢሰለፉ እናታቸው እንኳ አትለያቸውም። እዚህ ላይ ነው «ትልቁን ነው ትንሹን?» የሚለው ጥያቄያችን ጡረታ የወጣው። ድሮ ድንጋይ ከገባ ይሠራል ማለት ነበር። አሁን ገብቶ ላይሠራ፣ ገብቶም ሊያቃጥል ይችላል።

በመጨረሻ ባለ ጡት ሁለት ተገኙ፤ ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ቻርጀርም ተጨመረ። ዋጋቸውን አልናገርም፤ አያ ይህን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው አያጡም። ልጁ ሁለተኛውን ድንጋይ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና «ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ እንዳያኖሩት» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ለብቻው፣ የደረት ኪሴ ውስጥ፣ እንደ ክታብ።

ባትሪው የተመረቀው በዚያው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቁሮ ዋለ። አያ «ዛሬ አይቀርም» አሉና ጋቢያችንን ይዘን ቦዩ ዳር ተጋደምን። እኔ በየአምስት ደቂቃው ባትሪውን ወደ ምዕራብ አበራለሁ። «ተው» አሉኝ። «ጎርፍ በዓይን አይጠበቅም።» እውነትም መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ቀዝቃዛ፣ አፈር አፈር የሚል ነፋስ ፊታችንን ዳሰሰን። ቀጥሎ ድምፁ፤ ከሩቅ ኮረት የጫነ መኪና ሲራገፍ ዓይነት። ከዚያ ከላይ ያሉት «መጣ! መጣ!» ሲሉ ሜዳው በሙሉ ተነሣ።

አንገቱን ስቤ አበራሁት። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰደበኝ። «አጥፋው! ዓይናችንን አወጣኸው!» «የማነው መኪና ማሳ ውስጥ የገባው?» አያ ከእጄ ነጥቀው ወደ መሬት ደፉት፣ አንገቱን መለሱት፣ ብርሃኑ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ እሳቸው በአንድ ምሽት ያወቁትን እኔ በሦስት ሳምንት አላወቅሁትም። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ገባ፣ ማሽላው እግር ሥር ተንሻሻ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ አንዱ ጠርዝ ተደረመሰና ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ሹልክ ማለት ጀመረ። አያ ወገባቸው ድረስ ገብተው በጀርባቸው ከለሉት።

«ድንጋይ!» ብለው ጮኹ። «ድንጋይ አቀብለኝ! ቶሎ!»

እኔም ቶሎ አቀበልኳቸው። ከደረት ኪሴ አውጥቼ፣ ፌስታሉን ፈትቼ፣ በጨለማው ውስጥ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው፤ 46 ግራም።

አያ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። ድንጋዩን በጥርሳቸው ነክሰው ያዙት፣ አጎንብሰው በሁለት እጃቸው ከጎርፉ ሥር የራስ ቅል የሚያህል እውነተኛ ድንጋይ አወጡና ቀዳዳውን ደፈኑት። ጎረቤቱ ይህን ታሪክ በማግሥቱ ገበያ ላይ ለሰው ሁሉ ተናግሮልኛል።

ማሽላው ጠጣ። ባትሪውም እስካሁን ጤና ነው። ሳምንት ቆይተው አያ ደወሉልኝ።

«ባትሪው ጥሩ ነው፣ ተባረክ። ያንተ ድንጋይ ግን ሬዲዮ ውስጥ አልገባ አለኝ።»

«አያ፣ እሱ ለሬዲዮ አይሆንም። ልኩም ኃይሉም ሌላ ነው።»

«ባትሪው ሲደክመው ታዲያ ወዴት ይሄዳል?»

«አይሄድም። ቻርጅ አድርገው እዚያው ይመልሱታል።»

ዝም አሉ። እንደ ቅር መሰኘት ብጤ ተሰማኝና የድንጋዩን ክብር ላስረዳ ተነሣሁ። ይህ የሊትየም ድንጋይ እኮ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካወጣው ወዲህ ዓለምን የለወጠ ነው፤ ያበጁት ሦስት ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት፤ አንደኛው ጉድኢነፍ የሚባሉት ሽማግሌ ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር፣ በኖቤል ታሪክ እንደሳቸው በእርጅና የተሸለመ የለም አልኳቸው።

«ዘጠና ሰባት?»

«ዘጠና ሰባት።»

«እስከዚያ ድረስ ሬዲዮ ውስጥ የሚገባ ማድረግ አቅቷቸው ነው?» አሉና ስልኩ ተቋረጠ። ባትሪያቸው አልቆ መሆን አለበት፤ የስልኩን ማለቴ ነው።